የጎዳና ምትሃት፣ ቀልድና የሚንቀሳቀሱ ዕቃዎች በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜና እሑድ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ትርኢት አልቆ ዕቃችንን ስንሰበስብ ሰው ከቦን ይጠይቃል። ጥያቄው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በየጊዜው ቆመን ከምንመልስ እዚህ እንጻፈው ተባባልን። ቅደም ተከተል አትፈልጉበት። የመተቱን ጥያቄ ብቻ ሆን ብለን አስቀድመነዋል፤ እሱ ካልተመለሰ ሌላውን የሚያነብልን የለም።

እውነቱን ንገሩን፣ መተት ነው አይደል?

አይደለም። የምታዩት ሁሉ ልምምድ ነው። ትርኢቱን ስንጀምርም በግልጽ እንናገራለን፦ «እዚህ የምናሳያችሁ ሁሉ ውሸት ነው። ግን ለፍተን የተማርነው ውሸት ነው።» ሰው ይስቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ሰላም ነው።

ብዙ ሰው «እጁ ፈጣን ነው» ይላል። ፈጣን እጅ እንዲያውም ያስነቃል። ሥራው ያለው ዐይን ላይ ነው። ሰው የሚያየው እኔ የማየውን ነው። ቀኝ እጄን ትኩር ብዬ ካየሁ እናንተም ቀኙን ታያላችሁ፤ ሳንቲሙ ግራ እጄ ውስጥ ቀርቷል። ክንዴን ሰፋ አድርጌ ሳነሳ ጣቴ የምትሠራትን ትንሽ ነገር ማንም ልብ አይላትም። ሰው ሲስቅ ደግሞ ለአፍታ ዐይኑ ይላላል። ዋናው ነገር የሚከናወነው በዚያች አፍታ ነው። ቀልዱና ምትሃቱ ተነጣጥለው የማይሄዱትም ለዚህ ነው። ቀልዱ ማጣፈጫ ይመስላል እንጂ መሸፈኛው እሱ ነው።

እኛ ዕጣ ፈንታ አንናገርም፣ የጠፋ ዕቃ አንፈልግም፣ በሽታ አንፈውስም። «እንግዲያው ብሬን አብዛልኝ» የሚሉ አሉ። ወንድሜ፣ ብር ማብዛት ብችል ፀሐይ ላይ ምን አቆመኝ? ብር እናባዛለን የሚል ሰው የምር ከገጠማችሁ ግን እሱ ቀልደኛ አይደለም። ቦርሳችሁን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ነው።

ታዲያ ምን ብለን እንጥራው? ሰርከስ? ቲያትር? ኮሜዲ?

ደስ ያላችሁን። እኛ የጎዳና ትርኢት እንለዋለን። አክሮባት ስለሌለው ሰርከስ ማለት ይከብዳል። ታሪክና ገጸ ባሕሪ ስላለው ቲያትር ነው፤ ገጸ ባሕሪዎቹ ግን ጀበና፣ ጃንጥላ፣ መጥረጊያ፣ ባዶ ሃይላንድና ኮንጎ ጫማ ናቸው። በውጭው ዓለም ይህ አሠራር የዕቃ ቲያትር ይባላል። ስሙ የወጣለት ፈረንሳይ ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ሥራው ግን ከስሙ ይቀድማል። ቻርሊ ቻፕሊን በ1925 እ.ኤ.አ. በወጣ ፊልሙ ሁለት ዳቦ በሁለት ሹካ ወግቶ ጠረጴዛ ላይ እግር አስመስሎ ያስጨፍራቸዋል። ዛሬም ያስቃል።

ዕቃው ነፍስ የሚዘራው እንዴት ነው?

ይሄን ስትጠይቁን ደስ ይለናል። የምትሃቱን ነገር እንደባብቃለን፤ ይሄኛውን ግን እስከ መጨረሻው እናወራለን። ቢታወቅም አይበላሽም።

መጀመሪያ እስትንፋስ ነው። ጀበናዋን በርጩማ ላይ አስቀምጡ። አንገቷን ያዙ። አየር ስትስቡ በጣም ትንሽ፣ የጣት ስፋት እንኳ ሳይሞላ፣ ከፍ አድርጓት። ስታወጡ ቀስ ብላ ትውረድ። ደጋግሙት። ሌላ ምንም አታድርጉ። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ዝም ይላሉ። እንደተኛች ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። «እንዳትቀሰቅሷት» የሚል ልጅ አይጠፋም።

ከዚያ ፊት ነው። ዕቃው ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የጀበና ቀላል ነው፤ ቡናው የሚወርድበት አፏ አፍንጫ ይሆናል፣ ውታፏ ኮፍያ። መጥረጊያ ግን ያከራክራል። ጭራሮው ፀጉር ነው ወይስ ቀሚስ? እኛ ጋ ቀሚስ ነው። ሌላ ሰው ፀጉር ቢያደርገው አንከስም። ብቻ መሃል ላይ አይቀየርም። ፊቷ ከተወሰነ በኋላ ጀበናዋ አፍንጫዋ ያልዞረበትን ነገር አላየችም ማለት ነው። ልጅ ከኋላዋ ቢጠራት መጀመሪያ ትዞራለች፣ ከዚያ ትደነግጣለች። ሳትዞር ከደነገጠች ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ባይነግራችሁም ማመኑን ያቆማል።

ጀማሪ የሚፈተነው ክብደት ላይ ነው። የሸክላ ጀበና ብድግ ብላ ከበረረች ማንም አያምንም። ስትነሳ ወገቧን ይያዛት፣ ስትቀመጥ «እፎይ» ትበል። ባዶ ሃይላንድ ተቃራኒው ነው። ነካ ካደረጋችሁት ይንቀዠቀዣል፣ ይንኳኳል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ሃይላንዱ ሁልጊዜ ቀባጣሪ ጎረምሳ ነው፣ ጀበናዋ እማማ ናት። ገጸ ባሕሪውን እኛ አልፈጠርነውም። ዕቃው ራሱ ይዞት ነው የመጣው፤ የእኛ ሥራ አለማበላሸት ነው። ልጆች ደፋ ቀና ብለው የሠሩት ትርኢት ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው። ጀበናዋን ጎረምሳ ሊያደርጓት ይታገላሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የተዋናዩ ዐይን ነው። ዕቃውን ካየ ሰው ዕቃውን ያያል። ሕዝቡን ካየ ሰው እሱን ያያል፤ ጀበናዋም ያኔ ሸክላ ሆነች። ጃፓን ውስጥ ቡንራኩ በሚባለው የአሻንጉሊት ቲያትር አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰው ይይዘዋል። አንዱ ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሌላው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን። ሦስቱም መድረኩ ላይ በግልጽ ይታያሉ። ግን ሁሉም አሻንጉሊቱን ስለሚያዩ ተመልካቹ ይረሳቸዋል። ሳንቲም የምንደብቅበት ዘዴና ጀበና የምናስነሳበት ዘዴ አንድ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ዐይን የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነው።

የኮንጎ ጫማዎቹን ጠብ ያየ ሰው ሳንናገር ይረዳናል። ግራና ቀኙ ባልና ሚስት ናቸው። ሲኮራረፉ ጀርባ ይሰጣጣሉ። ቀኟ ተነስታ ትሄዳለች፤ አስፋልቱ ላይ የላስቲኩ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ግራው ይከተልና ይቆማል፣ ይከተልና ይቆማል። ቃል የለም። መጀመሪያ የሚስቁት ሁልጊዜ ባለትዳሮች ናቸው፤ ከዚያ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ናይለን ክር አለው አይደል?» ብለው የሚያፈጥጡብን ዓሣ አጥማጆች አሉ። ክር ያውቃሉ፣ አይታለሉም። አንዳንዴ አለ። የቱ ጋ እንዳለ አንናገርም።

የማትነኩት ዕቃ አለ?

አለ። እንጀራ። ቻፕሊን በዳቦ ተጫወተ ብለን እኛ በእንጀራ ብንጫወት እናቶች ይነሱብናል፤ እውነታቸውን ነው። በእህል አይቀለድም። መስቀል፣ መቋሚያ፣ መቁጠሪያ፣ ሙስባሃ፣ መስገጃ ጭራሽ አይታሰብም። ነጠላ እንጠቀማለን፣ ግን መሬት አይነካም። ከዘራ ድንቅ ተዋናይ ነው። ቢሆንም ከሽማግሌ እጅ ተቀብለን አንሠራበትም፤ የራሳችን ከዘራ አለን።

በሲኒ የምትጫወቱት ጨዋታ ከየት የመጣ ነው?

በጣም የቆየ ነው። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ደብዳቤ በትናንሽ ዋንጫና በጠጠር ሰው የሚያታልሉ ተጫዋቾችን ያነሳል። የሚያስደስተው መታለሉ እንደሆነ፣ ዘዴውን ካሳዩት ግን ደስታው እንደሚጠፋ ይናገራል። «ምስጢሩን ንገሩን» ለምትሉን ሁሉ መልሳችን እሱ ይሁንልን።

ሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ በብረት ኩባያ ይሠራዋል። የእኛ ሲኒ ግን ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ጆሮ የለውም። አንዱ አንዱ ውስጥ ይገባል። መዳፍ ውስጥ ልክክ ይላል። ኳሱ የቡና ፍሬ ነው። ሦስት ሲኒ፣ ሦስት ፍሬ። ፍሬዋ ከአንዱ ጠፍታ በሌላው ሥር ትገኛለች፣ እንደገና ትጠፋለች፣ ሦስቱም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። መጨረሻ ላይ ሲኒዎቹ ሲነሱ በየሥራቸው አንዳንድ ሎሚ ቁጭ ብሏል። ትናንሾቹን ሎሚዎች ከገበያ መርጦ ማምጣት ራሱ ሥራ ነው፤ ትንሽ ከተለቀ ሲኒው አይቀመጥም፣ ሁሉም ነገር ይነቃል።

ያኔ እማማ ጀበና ትነሳና ሎሚውን የምትወረውርለት ሰው ትፈልጋለች። ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች፣ ታፍራለች። የጥምቀትን ሎሚ የሚያውቅ ሁሉ ፉጨቱን ያቀልጠዋል። ብዙ ጊዜ ዕጣው የሚወድቀው ባጃጁን ዳር አቁሞ በሚያይ ሹፌር ላይ ነው።

ይሄ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር ነው?

ቅልቅሉ አዲስ ሊመስል ይችላል። ክፍሎቹ ግን ሁሉም ቤተኛ ናቸው። አዝማሪ የተቀመጠውን ሰው አይቶ እዚያው ግጥም ያወጣል። ሆያ ሆዬ ጨፋሪ ደጃፍ ላይ ዱላውን ይመታል። ላሊበላዎች ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ያዜማሉ። ይሄ ሁሉ ያለ ትኬት፣ ያለ መጋረጃ ነው።

ምትሃትን በተመለከተ አባባ ተስፋዬን የማያስታውስ የለም። ተስፋዬ ሳህሉ ተዋናይ፣ ቀልደኛ፣ ሙዚቀኛና ምትሃተኛ ነበሩ። «የልጆች ጊዜ» በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ብዙ ትውልድ ያሳደጉ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። አሻንጉሊትን ካነሳን በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ብቅ ያለችው ቀጭኔዋ ፀሐይ አለች። የካልሲ አሻንጉሊት ናት። ካልሲ አስተማሪ ከሆነ ጀበና ለምን እማማ አትሆንም? ጎዳናውን ያለማመዱት ደግሞ የሰርከስ ልጆች ናቸው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ጅማና ናዝሬት ባሉ ከተሞችም ሰርከሶች ተቋቋሙ። ክብ ሠርቶ ቆሞ የማየት ልማድ ያለው ሕዝብ ያገኘነው በእነሱ ድካም ነው።

ለምን ፍቅር ሐይቅ? ለምንስ ጠዋት?

ነፋሱና ፀሐዩ ናቸው የሚወስኑት። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ጠዋት ጀርባችንን ለሐይቁ ሰጥተን ስንቆም ፀሐዩ እኛን ያበራል፣ ተመልካቹን አያስቸግርም። ከሰዓት በኋላ እዚያው ብንቆም ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚያየን። ከቀትር በኋላ ደግሞ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ካርታ በነፋስ አይሞከርም፣ ጃንጥላውም ያላልነውን ይጫወታል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ እንጀምራለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውም ያኔ ነው የሚደርሰው።

ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ለምን አትሠሩም የሚሉ አሉ። ሞክረነዋል። ጦጣ ሎሚውን ይወስዳል። አባ ኮዳ ደግሞ ያንን ራሰ በራውን ይዞ በትርኢቱ መሃል ቀስ ብሎ ያልፋል። ከአባ ኮዳ ጋር መወዳደር አይቻልም፤ ያለ ምንም ልምምድ ያስቃል።

የገብርኤል ንግሥ ዕለት፣ ሐምሌም ታኅሣሥም 19፣ አንሠራም። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞንም በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ አካባቢ አንደርስም። በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንግዳው ብዙ ስለሆነ ገቢ ይኖረው ነበር፤ ግን ቀኑ ባለቤት አለው። በቄጣላው፣ በበዓሉ ጭፈራ መሃል ሲኒ ይዞ መቆም ነውር ነው።

ፈቃድ ታወጣላችሁ?

ቀበሌውንና የአካባቢውን ፖሊስ ቀድመን እናነጋግራለን፣ ቦታውንና ሰዓቱን እንናገራለን። ማጉያ አንጠቀምም። መንገድ አንዘጋም። ሰው ሲሰበሰብ ኪስ አውላቂም ይሰበሰባልና መሃል መሃል ላይ «ስልካችሁ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። (ሌባውም ያኔ የማን ስልክ የት እንዳለ ያያል ያለን ሰው አለ። እውነት አለው። አሁን «ስልካችሁን ያዙ» ብቻ እንላለን፣ ሳያስዳብስ።)

ነጻ ነው? ብር መጠየቃችሁ ልመና አይሆንም?

ማየት ነጻ ነው። የሌለው ሰው አይቶ ይሂድ፣ ማንም አያፈጥበትም። ልመና ግን አይደለም። ሰርግ ላይ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው ምጽዋት ሰጠሁ አይልም፤ ሸለምኩ ነው የሚለው። ይሄም እንደዚያው ነው።

ትርኢታችን በቡና ሥርዓት የተከፈለ ነው። አቦል ላይ ምትሃት፣ ቶና ላይ ዕቃዎቹ፣ በረካ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ። ኮፍያው የሚዞረው ከበረካ በፊት ነው። ካለቀ በኋላ ካዞራችሁት ሰው ተበትኗል፤ ሐበሻ በጭብጨባ አይሰስትም፣ ግን እያጨበጨበ ነው የሚሄደው። ኮፍያውን የሚያዞረው መጥረጊያው ነው። አንድ ሰው ሳይሰጥ ቢያልፍ እግሩ ሥር በትሕትና ይጠርግለታል እንጂ አይናገረውም። ቴሌብርም እንቀበላለን፤ ኪውአር ኮዱ ጃንጥላው ላይ ተለጥፏል፣ ሲዘረጋ ይታያል።

በምን ቋንቋ ነው?

ሐዋሳ ላይ ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው። አንድ ክብ ውስጥ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ የሚናገር አብሮ ይቆማል። ወሬያችን በአብዛኛው አማርኛ ነው፣ መግቢያው በሲዳምኛም ይነገራል። የዕቃዎቹ ክፍል ግን ቃል የለውም። የጀበናዋ ማጉረምረም ቋንቋ አይደለም፤ የሁሉም ሰው አያት ግን እንደዚያ ታጉረመርማለች።

ፊት ለፊት ብቆም በግድ ታስገቡኛላችሁ?

አናስገባም። ፈቃደኛ ካልሆናችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ይበቃል። ሰው ላይ ሙድ አንይዝም፤ ሞኝ የሚሆነው ሁልጊዜ ከእኛ አንዱ ነው ወይም ሃይላንዱ። ከጆሮ ሥር ሳንቲም ማውጣትም በልጆች ላይ ብቻ ነው የምንሠራው። የአንድን ጋሼ ጆሮ ወይም የማያውቁትን ሴት ነጠላ መንካት ጨዋታ አይደለም።

ሞቅ ያለው ሰው መሃል ገብቶ ቢያስቸግር ከእሱ ጋር የምትነጋገረው እማማ ጀበና ናት። ለምን እንደሆነ አናውቅም፣ እሷን ይሰማታል። ይቅርታ ጠይቋት የተቀመጠም አለ።

ቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል?

ቅረጹ፣ ቲክቶክ ላይም ልቀቁት። ሁለት ነገር ብቻ። ከጀርባችን አትቅረጹ፤ ከኋላ ሁሉም ነገር ይታያል፣ ሥራችን ነው የሚፈርሰው። የሰው ልጅ ፊት ደግሞ ወላጁን ሳትጠይቁ አትልቀቁ።

እኔም መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ለዚህ ብቻ የተከፈተ ትምህርት ቤት አናውቅም። ትወና ለሚፈልግ የቲያትር ትምህርት አለ፤ ሰውነት ለማፍታታት በየከተማው የሰርከስ ልጆች አሉ። ለጀማሪ ግን አንድ ዕቃ ይበቃዋል። ቤት ያለ ይሁን። ገዝታችሁ አታምጡ፤ አዲስ ዕቃ ጠባይ የለውም። ያረጀ ጃንጥላ፣ ጎኑ የተቧጠጠ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ እግር ጫማ ይሻላል።

ያን ዕቃ ብቻ ይዛችሁ አስተንፍሱት፣ ፊት ስጡት፣ አስነሱት፣ አስቀምጡት። በስልካችሁ ቅረጹና ዐይናችሁ የት እንደነበር እዩ። ዐይናችሁ ካሜራው ላይ ከሆነ ድገሙት። ከዚያ የሰፈር ልጆች ፊት አሳዩ። ልጅ አያስተዛዝንም። ካላመነ «እጅህ ነው የሚያንቀሳቅሰው» ይላችኋል። ካመነ ደግሞ ዕቃውን ስሙን ይጠይቀዋል፣ እናንተን አይደለም።

ሰርግና ልደት ላይ ትሠራላችሁ?

እንሠራለን። ልደት ቀላል ነው። ሰርግ ከሆነ ምሳ ሳይቀርብ በፊት አድርጉን። ምግብ ከቀረበ በኋላ ከክትፎ ጋር የሚፎካከር ምትሃት አልተገኘም።

ዝናብ ቢጥልስ?

ካፊያ ከሆነ ጃንጥላው ተራውን ቀድሞ ይወጣል፣ እንቀጥላለን። ዶፍ ከሆነ መጀመሪያ ሲኒው፣ ቀጥሎ ጀበናዋ፣ ከዚያ እኛ። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋት ሰማዩን አይታችሁ ውጡ፤ ከጠቆረ አትልፉ፣ እኛም አንመጣም።